ስለ አባዬ ሳንባ የተጠራው ስብሰባ

ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ሰርግ ለአባዬ አደገኛ መሆኑን ቤተሰባችን ያመነው፣ ከአርባ የማናንስ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግተን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ከተጯጯህን በኋላ ነው። ይህን ስናገር «አጋነንሽ» የሚሉኝ አሉ። እኔ የማጋነን ተሰጥኦ የለኝም፤ ሥራዬም አይፈቅድልኝም።

ሥራዬ ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ስጋት መገመት ነው። አንድ ነጋዴ መጋዘኑን ኢንሹራንስ ሊያስገባ ሲመጣ እኔ እሄድና ሽቦውን፣ ጣሪያውን፣ የዘበኛውን እንቅልፍ አይቼ «ይሄ ቤት ይቃጠላል» ወይም «ይሄስ ግድ የለም» እላለሁ። ቤተሰቤ ይህን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። «አይሆንም እያለች ደመወዝ ትበላለች» ይሉኛል፤ ሲያሾፉብኝማ ስሜ «ወይዘሪት ስጋት» ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ሳላገባ የቆየሁትም ወንዶቹን እንደ መጋዘን ዙሪያቸውን እየዞርኩ ስለምፈትሽ ነው ይላሉ። በመጨረሻ ያገኘሁት ሰው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ገመድ ተበጥሶ ሰው እንዳይወድቅ ሲሰጋ የሚውል ሰው ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ተግባባን።

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ወፍጮ ቤት ነው። ዱቄቱ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ የሞተሩ ጩኸት ደግሞ ጆሮውን ይዞት ሄደ። ስለዚህ ደረጃ ሲወጣ ደረቱ ያፏጫል፣ ሲያወራ ይጮኻል። በሹክሹክታ የነገራችሁን ምስጢር ማዶ ያለው ባለሱቅ ሰምቶ አስተያየት ይሰጥበታል። እናቴ ገና ተማሪ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ፀጉሬን እንኳ የሚጎነጉነው እሱ ነበር፣ ሹሩባው ሁሌ ወደ አንድ ወገን ቢጣመምም።

ኮሮና እንደገና ባገረሸ ጊዜ የአባዬ ሐኪም ለብቻዬ ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦ «ስሚ፣ ይሄ በሽታ ያንን ደረት ካገኘው አይለቀውም። ሰው ከሚበዛበት አርቂው።» ሰርጌ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነው ይህን ያለችኝ። እኔ የምፈልገው ደግሞ ግልጽ ነበር፤ አባዬ ሰርጌ ላይ ከጎኔ እንዲቆም፣ ከሰርጌም በኋላ በሕይወት እንዲኖር። ሁለቱንም ነው የፈለግሁት።

መፍትሔውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። «ሃያ ሰው ብቻ፣ ጣሪያ የሌለው ግቢ ውስጥ፣ ወንበሩ ተራርቆ» አልኩ።

ይህን ያልኩት ለአባዬ ታላቅ ወንድም ነው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፣ ዞር ሲሉ ግን ዘመዱ በሙሉ የሚያውቃቸው «ሰብሳቢው» በሚል ስም ነው። አጀንዳ ሳያስይዙ ውሃ አይጠጡም።

«የትኞቹን ሃያ?» አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው።

«እንመርጣለና፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የሚመርጠው?»

«እኔና እጮኛዬ።»

«ልጄ፣ ዘመድ ጥፍር አይደለም የሚቆረጥ። በስብሰባ ይወሰናል።»

ስብሰባው ላይ ማን ይጠራ የሚለውን ያብራራችው የአባዬ እህት እቴቴ ናት። እቴቴ ከበሽታ ይልቅ ሐሜት የምትፈራ ሴት ናት፤ ስለ ሰው ቅሬታ የምታውቀውን ያህል ሐኪሞች ስለ ደም አያውቁም። «ስብሰባው ላይ ያልተጠራ ሰው ከሰርጉ እንደተቆረጠ ይገባዋል» አለች። «ከገባው ይቀየማል። ስለዚህ የሚቆረጠውም መጠራት አለበት፣ መቆረጡን እንዳያውቅ።»

«እቴቴ፣ እዚያው ተቀምጦ ሲቆረጥ አያውቅም?»

«ያኔማ በድምፅ ብልጫ ነው። ራሱም እጁን ያወጣል፣ ምን ብሎ ይቀየማል?»

ይህን ነገር ዛሬም ሳስበው ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አላገኘሁትም። ስህተት መሆኑን ግን ነፍሴ ታውቃለች።

እንግዲህ ዘመድ ሁሉ ተጠራ። ቦታው እኔና እጮኛዬ ልንገባበት የተከራየነው ቤት ሆነ፤ ምድር ቤት ነው፣ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ሳሎኑ ገና ዕቃ አልገባበትምና ባዶ ነው። አንድ ሰፊ መስኮት ወደ ግቢው ይከፈታል። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ቀሚሴን የምትሰፋልኝ ልብስ ሰፊ ትኖራለች። እጮኛዬ አልነበረም። የሙሽራው ወገን በዚያው ቀን የራሱን ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ ስለ ምን እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ የእጅ ማጽጃ ይዤ። የመጣው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ፣ አሸት አሸት አደረገና «በዚህ ዘመን አንሳሳምም አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ ይቅርብን» አልኩ። ክርን ለክርን ተነካካን። ከዚያ ትንሽ ተያየን። ከዚያ «ኧረ ዘመድ አይደለን እንዴ፣ ለአንድ ቀን!» ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። እያንዳንዱ እንዲህ አደረገ። ለአንድ ቀን ነው ያለው ሰው አርባ ምናምን ከሆነ ስንት ቀን እንደሚሆን እያሰብኩ ሳምኳቸው፤ ስድ አደግ አይደለሁም።

አባዬም መጣ፤ ግን አልገባም። «ሰው ቁጭ ብሎ እየሰማ በራሱ ጉዳይ አይመከርበትም» ብለው ሰብሳቢው አስቀድመው ወስነዋል፤ ደግሞም እሱ ካለ ምስጢሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ እቴቴ ወንበር አውጥታ ግቢው ውስጥ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር አስቀመጠችው። ትንሿን ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

«ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ስለ ድንኳን!» አለችው እቴቴ።

«ለድንኳን ይህን ያህል ሰው? ልትሸከሙት ነው እንዴ?»

በሩ ተዘጋ።

ሰብሳቢው ብድግ ብለው ሥርዓቱን አስታወቁ። ሁሉም ሰው ማስክ አድርጓል፣ እሱን አልዋሽም። ነገር ግን «ተናጋሪ ፊቱ ይታይ፣ ተሸፋፍኖ መናገር የሌባ ነው» አሉ። ስለዚህ ዝም ያለ ይሸፍናል፣ የሚናገር ይገልጣል ተባለ። ዝም ያለ ሰው ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ተናጋሪ እኔ ነበርኩ፤ ባለሙያ ነሽ ተብዬ። ለመጋዘን የምጠቀምበትን ነጭ ሰሌዳ ይዤ መጥቻለሁ። «ዋናው ነገር አየር ነው» ብዬ ጀመርኩ። «የተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ያስነጠሰው፣ የተነፈሰው፣ የጮኸው ሁሉ እዚያው ይንሳፈፋል። ስለዚህ መስኮት...»

«ቆይ ቆይ» አለች እቴቴ በእጇ ወደ ላይ እያመለከተች፣ በሹክሹክታ። «ያቺ ልብስ ሰፊ! መርፌዋ ጨርቅ ይወጋል፣ ጆሮዋ ግድግዳ ይወጋል። ነገ ሰፈሩ ሁሉ 'ሰርጋቸውን ፈሩት' ይለናል። ዝጊው መስኮቱን!»

ለመስኮቱ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ታላቅ ሲያዝ ታናሽ ይታዘዛል። ስለ አየር የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁት፣ መቀርቀሪያውንም ወረወርኩ፣ ተመልሼም ጨረስኩት። በመስታወቱ በኩል አባዬ እጁን አወዛወዘልኝ።

ከዚያ በኋላ ንግግሩን የሚያቆመው ጠፋ። ሰብሳቢው «እያንዳንዱ ስለ ራሱ ስጋት ይናገር» አሉ፤ እያንዳንዱም ብድግ ብሎ ስጋት እንደሌለበት ተናገረ።

የአጎቴ ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። «ለእኔ የተጻፈልኝ ሞት መንገድ ላይ ነው» አለ። «ቤቴ ድረስ አይመጣብኝም፣ ደክሞት።»

ፀጉር ቆራጩ ዘመዳችን ተነሣ። «እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍንጫ ሥር ነው የምውለው። ሊይዘኝ ቢፈልግ አድራሻዬን አያጣውም ነበር።»

የሰብሳቢው አማች ደግሞ ሁለት ጊዜ ይዞት ያውቃል። «ሁለቴ መጣ፣ ሁለቴ ሸኘሁት። እንግዲህ ተዋውቀናል፣ አያፍርም እንዴ?» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ራሱ ሰሌዳዬን ሲያርሰው ይታየኝ ነበር።

እኔ በሥራዬ ብዙ ነጋዴ አይቻለሁ። ሁሉም የጎረቤቱ መጋዘን እንደሚቃጠል እርግጠኛ ነው፤ የራሱን ግን «ኧረ የእኔ ጠንካራ ነው» ይላል። እዚያ ክፍል ውስጥም ሚዛኑን ያልያዘ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን የሚመዝነው ሌላውን ነው። የአባዬን ሳንባ የሚያነሳ ሰው እስኪገኝ ድረስ የመስታወቱ ላብ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር። አባዬም ከግቢው እንደ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበቡ። አንድም ዘመድ አይቆረጥም። ሰርጉ እንደታሰበው በአዳራሽ፣ በትልቁ ይሆናል። ወንድማቸው ግን ለጤናው ሲባል ቤቱ ሆኖ ሰርጉን በስልክ ይከታተላል። «የሚደግፍ?» አሉ። እጅ ሁሉ ወጣ።

እኔም አወጣሁ። ከሁለቱ ምኞቴ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ሰርጌ ላይ ከጎኔ ከሚሆን በሕይወት ይሁንልኝ አልኩ። ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነበር።

እቴቴ ደስታዋን መያዝ አቅቷት እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የአርባ ሰው ሳንባ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጠ። ሰብሳቢው በመሐል ሳል ያዛቸው፣ መሐረባቸውን አወጡ። «የቀለሙ ሽታ ነው» አሉ።

ለአባዬ የመንገሩ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ግቢው ወጥቼ አጠገቡ ልቆም ስል ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

«ጨረሳችሁ?» አለ ራዲዮኑን ዝቅ አድርጎ።

«ጨረስን። አባዬ... ሐኪሟ ያለችውን ታውቃለህ። ሰርጉ ትልቅ ስለሚሆን፣ አንተ ቤት ሆነህ...» ድምፄን ዝቅ አደረግሁት።

«ምን?»

«በስልክ ትከታተላለህ።»

«በስልክ?!» አለ። ሰማይ የተሰነጠቀ ነው የመሰለው። «የልጄን ሰርግ በስልክ?!»

የላይኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተና ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ብቅ አደረገች፣ አፏ ውስጥ ስፒሎች እንደያዘች። «ምንድን ነው በስልክ የሚሆነው?» ብላ ጠየቀች። የእቴቴ ግማሽ ቀን ጥንቃቄ እዚያ ላይ አለቀ።

አባዬ ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የራዲዮኑን አንቴና ቀስ ብሎ አጠፈ፣ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ፣ «ድንኳኑ እንግዲህ አላስፈለገም» አለና ወጣ። መንገዱን ይዞ ሲሄድ የደረቱን ፉጨት ለረጅም ጊዜ ሰማሁት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሳምንት ሳይሞላ ሰብሳቢው ተኙ። ከዚያ እቴቴ። ከዚያ ሞት መንገድ ላይ ነው ያለው ሹፌር፣ ከዚያ ፀጉር ቆራጩ፣ ከዚያ የተዋወቀው አማች ለሦስተኛ ጊዜ። ማንም ግን ኮሮና ይዞኛል አላለም። አንዱ ጉንፋን ነው፣ አንዷ ብርድ መትቷት ነው፣ ሌላው ዝም ብሎ ቃር ነው። ለአንዱ ደውዬ «አንተም ስብሰባው ላይ ነበርክ እኮ» ስለው «እኔማ በር አጠገብ ነው የተቀመጥኩት» አለኝ። በሩም ተዘግቶ እንደነበር ማን ያስታውሰው? ቀሚስና ሱሪ ሊለካ የሚመጣ ዘመድ ሲጠፋባት መጀመሪያ የነቃችው ልብስ ሰፊዋ ናት። «ቤተሰባችሁ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በተራ?» ብላ በደረጃው ላይ ጠየቀችኝ። መልስ ልሰጣት ስል ሳል ቀደመኝ።

እኔም ተመረመርኩ፣ ተያዝኩ። አዲሱ ቤት ውስጥ ለብቻዬ ገብቼ ተኛሁ። አዳራሹ ተሰረዘ፤ ቢኖርማ ማን ይገባበታል? ትኩሳቱ ሲለቀኝ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባዬን ያን ቀን አልሳምኩትም። ቤታችን ውስጥ ያልተሳመ፣ ያልተጠራ፣ ያልተጠየቀ እሱ ብቻ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ደህና የሆነው እሱ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። እጮኛዬ ነው፤ ትራሱን በአንድ ብብቱ፣ የመፍቻ ሣጥኑን በሌላው ይዞ ያስላል። «እኛም ቤት ስብሰባ ነበር» አለ። «እናቴ፣ ወንድሞቼ፣ ሁሉም ተኝቷል። የምተኛበት ቦታ የለም፣ አልጋዬ ላይ አያቴን አስተኝተዋል።»

«የመፍቻ ሣጥኑስ?»

«እንጃ። ትኩሳት ነበረኝ።»

አንድ ዓይነት በሽታ የያዛቸው ሁለት ሰዎች ከዚህ በላይ ምን ይሰጣጣሉ? ግባ አልኩት፤ እኔ አልጋው ላይ፣ እሱ ሳሎን ፍራሽ ላይ። ይህን ወሬ ለእቴቴ ማን እንዳደረሰላት አላውቅም፤ ጠርጥሩ ብትሉኝ ግን ወደ ላይኛው ፎቅ አያለሁ። ስልኩ ጮኸ። እቴቴ በአርባ ዲግሪ ትኩሳት እየነደደች ነው።

«ሳትጋቡ?!» አለች። «በአንድ ጣሪያ ሥር?! ቤተሰባችንን ልታዋርጂ ነው?»

«እቴቴ፣ እሱ እንኳን እኔን ሊነካ ማንኪያ ማንሳት አቅቶታል።»

«ሰው ማንኪያውን አያይም፣ ጣሪያውን ነው የሚያየው! ዛሬውኑ መመረቅ አለባችሁ!»

ስለዚህ ሌላ ስብሰባ ተጠራ፤ በስልክ። ሰብሳቢው ሆስፒታል ናቸው፤ ኦክስጅናቸውን ዝቅ አድርገው «አጀንዳ አንድ» ሲሉ ነርሷ ስትቆጣቸው ይሰማል፣ መልሳ ስታጠልቅላቸው ድምፃቸው ይጠፋል። እኛም ቆመን እንጠብቃለን። ከሁለቱ ወገን የሚያስል ሁሉ በመስመሩ ላይ ነበር፤ ሳል ለሳል ስንቀባበል የማን ሐሳብ የማን ሳል እንደሆነ አይታወቅም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሙሽሮቹን የሚመርቅ፣ በእግሩ የሚቆም፣ ከሁለቱ ቤተሰብ ትልቅ ሰው ማን ቀረ? ስም ተጠራ፣ ተኝቷል ተባለ። ሌላ ተጠራ፣ እሱም ተኝቷል። እንዲህ እያለ ዝርዝሩ አለቀ።

«ወንድሜ አለ» አሉ ሰብሳቢው በመጨረሻ፣ በቀስታ።

ከሰርጉ ያስወጣው ጉባኤ በሙሉ ድምፅ ጠራው። ሳሉም ድጋፍ መስሎ ነበር።

አባዬ በማግስቱ ከቀትር በኋላ መጣ። ለሰርጉ ያሰፋውን ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ማስኩን አድርጓል፣ ራዲዮኑን ኪሱ ውስጥ ከቷል። የግቢውን በር ከፍቶ፣ ደረቱ እያፏጨ፣ ወንበሩን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ቤታችን በር መጣ።

«ቁም!» ብዬ ጮኽኩ ከመስታወቱ ጀርባ።

አልሰማኝም። እጁን ወደ በሩ እጀታ ሰደደ።

በሥራዬ ዘመን ሁሉ የሚቃጠለውን ቤት ከውጭ ሆኜ ነበር የማየው። ያን ቀን ቤቱ እኔ ነበርኩ። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት። አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። በእጄ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» አልኩት፤ ገባው መሰለኝ፣ ቆም አለ፣ ተመለሰና ወንበሩን አንሥቶ ጥቂት ራቀ። አሁንም «ወደ ኋላ» አልኩት። ማዶ ያለው አጥር ጋ እስኪደርስ ድረስ ወንበሩን እየጎተተ ሄደ። ጀርባው አጥሩን ሲነካ እጁን ዘርግቶ «ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ ነኝ!» አለ።

ያኔ መቀርቀሪያውን ሳብኩና መስኮቱን ከፈትኩት። አየር ገባ። ለካስ ያን ያህል አየር ግቢው ውስጥ ነበር።

«እናንተ፣ ቆዩ! እንዲሁ ልትመረቁ ነው?» አለ ከላይ አንድ ድምፅ። ልብስ ሰፊዋ ናት። ቀሚሴን በልብስ ማስጫ ገመድ አስራ ከፎቁ ወደ ታች መልቀቅ ጀመረች። ነጩ ቀሚስ በንፋሱ እየተሽከረከረ ወረደ፤ አንድ እጅጌ የለውም። «አንዱ እጅጌ ገና ነው! ለልኬት ስላልመጣሽ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም!» አለች። ከፒጃማዬ በላይ ለበስኩት። ወገቡ ላይ ስፒል ወጋኝ። እጮኛዬ ጃኬቱን ለበሰና አጠገቤ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ትኩሳቱ ጉንጩን አቅልቶት ከመቼውም ይልቅ ሙሽራ መስሏል።

አባዬ አየን።

ያኔ የያዘኝን ልነግራችሁ አልችልም፤ አፈርኩ። ያን ስብሰባ፣ ያን ያወጣሁትን እጅ አሰብኩት። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

«ምን?»

«ይቅር በለኝ፣ አባዬ።»

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «አልሰማም! ጮክ በይ!»

ሹክ ልለው የፈለግሁትን ነገር የጮኽኩት በዚህ ምክንያት ነው። ያለችኝን ትንሽ ትንፋሽ ሰብስቤ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኽኩ፦ «ይቅር በለኝ! ሳልጠይቅህ ወሰንኩብህ!»

ፎቆቹ ላይ መስኮት መከፈት ጀመረ። ማዶ ያለው ባለሱቅ ወጥቶ ደጁ ላይ ቆመ።

«ይቅር ለእግዜር!» አለ አባዬ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ያልጠየቅሽኝ ግን ለምን እንደሆነ አውቃለሁ! መልሴን ስለምታውቂው ነው! ብሞትም እመጣለሁ እንደምልሽ ስለምታውቂ ነው!»

እውነቱን ነው። እኔ የመዘንኩት የእሱን ስጋት አልነበረም፤ የራሴን ነበር። ያለ አባት የምቀርበትን ቀን ነበር ሚዛን ላይ ያስቀመጥኩት። የእሱን ሚዛንማ ማን ጠይቆት ያውቃል?

«አሁን ዝቅ በሉ!» አለ። ሁለታችንም መስኮቱ ላይ አንገታችንን ደፋን። አባዬ ከወንበሩ ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ እጆቹን ወደ እኛ ዘረጋና በዚያ የወፍጮ ድምፁ መረቀን። «ውለዱ፣ ክበዱ! ትዳራችሁ ይስመር! ለሽበት ያብቃችሁ! ሳላችሁ ይልቀቃችሁ! እንዲህ ተራርቀን አንቅር!»

«አሜን!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከላይ። «አሜን!» አለ ባለሱቁ። ከቀኝ ፎቅ፣ ከግራ ፎቅ፣ ስማቸውን ከማላውቃቸው መስኮቶች «አሜን» መጣ። እቴቴ ግማሽ ቀን ሙሉ መስኮት ያስዘጋችባቸው ሰዎች በሙሉ፣ ሳይጠሩ፣ እያንዳንዳቸው በየመስኮታቸው ሰርጌ ላይ ተገኙ። እጮኛዬ ስልኩን ዘርግቶ ነበር፤ ከውስጡም የቤተሰቡ ሁሉ ሳል እየተንተከተከ «አሜን» አለ። ሰርጉን በስልክ የተከታተሉት እነሱ ሆኑ።

አባዬ ራዲዮኑን ከኪሱ አወጣ፣ አንቴናውን ዘረጋ፣ ዘፈን ፈልጎ አገኘና ጮክ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ብቻውን አጥሩ ሥር ጨፈረ። ትንፋሹ እስኪያልቅበት ድረስ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ፣ ጥቂት ዞረ። ሲያቅተው ራዲዮኑን አቅፎ ተቀመጠና ደረቱን ያዘ።

እንዳይብስበት ፈራሁ። ፀሐይዋም መውረድ ጀምራ ነበር። ሰዉ አንድ በአንድ መስኮቱን እየዘጋ ገባ፤ ልብስ ሰፊዋም ገመዷን ሰበሰበች። አባዬ አልተነሣም።

«አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «ብርዱ ለደረትህ ጥሩ አይደለም! ወደ ቤትህ ሂድ!»

ሰምቶኛል። እግሩን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ተዪኝ» አለ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰርግ ላይ ነኝ።»